ሜዳው የማን ነው? የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ መጫወቻ ስፍራዎችና የነጋዴው ድርሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ፥ ከጣርማ በርም ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈ ነጋዴ፥ መዘዞንና ሞላሌን ተሻግሮ ጭነቱን የሚያራግፍባት ከተማ መሐል ሜዳ ትባላለች። የከተማዋ ስም ራሱ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ደጋ ላይ፥ ሜዳ ማለት ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ ማለት ብቻ አልነበረም። ገበያው የሚቆምበት፥ ታቦቱ የሚያልፍበት፥ ለቅሶው የሚወጣበት፥ ፈረሱ የሚጋለብበት፥ ልጆችም ሩር የሚመቱበት የሁሉም ግቢ ነበረ።

ዛሬ በብዙ መንደር ያ ሜዳ ስሙ ቀርቶ አካሉ ሄዷል። በአንደኛው ጥግ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ በሁለተኛው ጥግ የጎረቤት እርሻ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ገብቷል፤ መካከሉን ደግሞ በክረምት የገቡ የጭነት መኪናዎች በጎማቸው ቦርቡረውት፥ በበጋ ጭቃው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉድጓድ ሆኗል። ግቡም ከሁለቱ ቋሚዎች አንዱ ለማገዶ ተነቅሎ አንዱ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ልጆቹ በዚህ ላይ ኳስ አይጫወቱም ማለት አይደለም፤ ይጫወታሉ፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚቱ የተጣመመ ልጅ በየሳምንቱ ወደ ወጌሻ ይሄዳል።

«የንግድ ጋዜጣ ስለ ኳስ ሜዳ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው። ሜዳውን ከወሰዱት ሦስት ወገኖች፥ ይኸውም ከአራሹ፥ ከባሕር ዛፍ ተካዩና ከገበያው፥ ከባዱን እግር ያሳረፈው ገበያው ነው። አራሹ የሚወስደው ከዳር ነው፤ ገበያው ግን የሚቆመው ከመካከል ነው። ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች በጉዳዩ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሳይሆኑ ባለ ጉዳይ ናቸው፤ ይህም ጽሑፍ የሚጻፈው ምጽዋት ለመጠየቅ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ሒሳብ ለመተሳሰብ ነው።

አስቀድሞ ሜዳው ምን ይዞ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የደጋው ሰው ትልቁ ጨዋታ ገና ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ሩር የምትባል ጠንካራ ኳስ ብቻ ይበቃሉ፤ የተጫዋች ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳው ስፋትም በመንደሮቹ ስምምነት ነው እንጂ በሜትር አይለካም። አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ፥ የላይ ቤት ከታች ቤት ተቧድኖ በልደት ሰሞን ሲጋጠም፥ ሩሯ ቍልቍለትና ዐቀበት እያለች ረዥም መንገድ ትሄዳለች። በዚያን ቀን ጌታው በሎሌው ምት እንዳይቀየም ልማድ ከልክሎታል፤ ባለጸጋና ድኻ፥ ሹምና ተራ ሰው በአንድ ዱላ የሚተያዩበት ቀን ነውና። በጥምቀትና በመስቀል ደግሞ ጉግስ አለ፤ አንዱ ፈረሰኛ ዘንጉን ይወረውራል፥ ሌላው በጋሻው እየመከተ ያመልጣል። ለዚህ የሚሆን ሜዳ ጉድጓድ ሊኖረው አይችልም፤ ፈረስ በግልቢያ ላይ እግሩን ቢያስገባ ፈረሱም ባለ ፈረሱም አለቁ ማለት ነው። ስለዚህ ጉግስ የሚጫወት አገር ሜዳውን ይጠብቅ ነበር። ፈረሱ እየቀነሰ ሲሄድ ጠባቂውም አብሮ ቀነሰ።

ይህ ጨዋታ ለልጅ የሚሰጠው ጉልበት ቀላል አለመሆኑን አንድ የሸዋ ልጅ ለዓለም አስመስክሯል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ደጋ በጃቶ መንደር ተወለደ፤ በልጅነቱም ገና ይጫወት እንደ ነበር ታሪኩን የጻፉለት ሰዎች ይናገራሉ፤ በዚያ ጨዋታ የሁለቱ ወገን ግቦች አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይራራቁ ነበር ይላሉ። ልጁ አድጎ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ ኦኒ ኒስካነን የተባሉት አሠልጣኝ አሠለጠኑት፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ አደባባይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። ከመንደር የገና ሜዳ እስከ ሮማ ያለውን መንገድ በአንድ ምክንያት ብቻ መተረክ አይቻልም፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ሜዳ የመንደሩ ሜዳ ነበር ብንል የሚቃወመን የለም።

እግር ኳስ ከትምህርት ቤቱ ጋር መጣ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በይድነቃቸው ተሰማ አመራር አገራችን በአዲስ አበባ የተደረገውን የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ስታሸንፍ፥ ኳስ ሩቅ ወረዳ ድረስ ስሙ ገነነ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ የየቀበሌው ማኅበር ለወጣቱ ሜዳ ከለለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለወጥ፥ ሊቀ መንበር ሲሻር፥ ቀበሌ ከቀበሌ ሲዋሐድ፥ ሜዳውን የከለለው ሰው ሄዶ ሜዳው ብቻውን ቀረ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ጠባቂው በስሙ የታወቀ ሰው ስላልነበረ ነው። በጥምቀት ታቦት የሚያድርበት ሜዳ በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ ሳይነካ የቆየው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል፤ በዓመት አንድ ቀን የሚጠይቀው ባለቤት አለው። ኳስ ብቻ የሚጫወቱበት ሜዳ ግን የሚጠይቀው የለም።

ሜዳና ገበያ ሲጋፉ ምን እንደሚሆን በዘመናችን ከሁሉ ጎልቶ የታየው በጃን ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ እጅግ የተጨናነቀ ስለ ነበረ፥ መጨናነቁን ለማቅለል ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ዝውውሩ ለጤና የተደረገ ነበረ፤ ነጋዴውም ታዞ እንጂ ወድዶ አልሄደም። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ የሽንኩርቱ፥ የጎመኑና የቲማቲሙ ትርፍራፊ ከመኪናው ጎማ ጋር ተረጋግጦ፥ ስንት ትውልድ የሮጠበትና ፈረስ የጋለበበት ሜዳ ወደ ጭቃ ማጥ ተለወጠ። በ2013 ዓ.ም. ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሮ ሜዳው ከጥምቀት በፊት ተጸዳ፤ ብዙ የከተማው ነዋሪም አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ከባድ መኪና በእርጥብ ሜዳ ላይ በአንድ ክረምት የሚያደርሰው ጉዳት ሌላው ጥፋት ሁሉ በብዙ ዓመት የማያደርሰው ነው። ሁለተኛውም፥ ሜዳ ይመለሳል፤ ቀን ተቈርጦለት የሚጠይቀው ሰው ካለ ይመለሳል። ጃን ሜዳን ጥምቀት ጠየቀው። የመሐል ሜዳንና የሞላሌን፥ የራቤልንና የዓለም ከተማን መጫወቻ ማን ይጠይቀው?

እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ትምህርት ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ከደጁ ጓሳ አለለት። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን፥ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የጓሳን ሣር መሬት፥ የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖረ። ተጠቃሚው ሕዝብ አለቃ ይመርጣል፤ አለቃውም አባ ቄራ ይባላል፤ ሣሩ ለሦስት እስከ አምስት ዓመት ከአጫጅና ከከብት ይዘጋል፤ ሲደርስም ቀኑ ተነግሮ ለሁሉም ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ሥሪቱ ሲለወጥ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ነገሩን አልተወውም፤ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ መሆኑን በሕግ አጸናለት። ዛሬ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለማየት ከውጭ አገር ሳይቀር እንግዳ የሚመጣበት ጓሳ ይኸው ነው።

የቄሮ ብልኀት ከገንዘብ አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ የታወቀ ጠባቂ፥ የታወቀ የመዝጊያ ጊዜ፥ የታወቀ የመክፈቻ ቀን። አንድ ሄክታር ለማይሞላ የኳስ ሜዳ ይህ የማይሠራበት ምክንያት የለም። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሜዳ ይታደስ» ሲባል ወዲያው ሲሚንቶ፥ አጥር፥ የተመልካች መቀመጫና የምረቃ ሪባን ይታያቸዋል። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት በየሰፈሩ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትናንሽ ሜዳዎች መሠራታቸውን አይተው ይሆናል። ለከተማ መልካም ነው። ለደጋ ቀበሌ ግን ያ ሣር ሲቀደድ የሚጠግነው የለም፤ የአገሩ ሣር ግን ዝናብ ሲመታው ራሱን ይጠግናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የደጋው አፈር በብዙ ቦታ መረሬ ስለ ሆነ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መደልደል ሳይሆን ከሜዳው በላይ፥ በዳገቱ በኩል፥ ጎርፉን ቀድሞ የሚቀበል ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ጎን ማስወጣት ነው። ይህ ሳይደረግ የተደለደለ ሜዳ በመጀመሪያው ነሐሴ ኩሬ ይሆናል። ቀጥሎ የጎማውን ቦይና ጉድጓድ በዚያው አፈር መሙላት፥ በእግር ማጠቅጠቅ፥ ከቦይ ዳር በተነሣ የሣር ቅርፊት መሸፈን ነው። የመንዝ አገር በልግም ክረምትም የሚያገኝ ስለ ሆነ፥ በበልግ ዝናብ የተተከለ የሣር ቅርፊት ክረምት ሳይገባ ሥር ይሰዳል። ከዚያ በኋላ ከሰኔ እስከ መስቀል ሜዳውን መዝጋት ነው፤ ለከብትም፥ ለመኪናም፥ ለኳስም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ማዘናቸው አይቀርም፤ ግን አንድ ክረምት ነው።

ስለ ከብት አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ «በግ ይከልከል» ሲባል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። ላምና በሬ፥ ፈረስና በቅሎ እርጥብ ሜዳ በኮቴያቸው ይወጋሉ፤ በግ ግን ቀላል ነው፤ አጭር አድርጎም ይግጣል። ሜዳው በመስቀል ሲከፈት አስቀድመው የሚገቡት በጎች ቢሆኑ፥ ማጨጃ ለሌለው ቀበሌ ከዚህ የተሻለ ሣር ቈራጭ አይገኝም። የመንዝ በግ ባናና ዝተት የሚሠራበትን ጸጕር ሲሰጠን ኖሯል፤ የኳስ ሜዳ መላጨትን ቢጨምርልን ክፍያ አይጠይቅም።

ግቡን ለመትከል የውስጡ ስፋት 7 ሜትር ከ32፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 መሆኑን ማወቅና ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ መምረጥ ይበቃል፤ ወደ መሬት የሚገባው ጫፍ እንዳይበሰብስ በእሳት ለብለብ ማድረግ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የአናጢ ሁሉ ዕውቀት ነው። የሜዳው ርዝመት ከ90 እስከ 120 ሜትር፥ ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠባብ መሬት ያለው ቀበሌ ተስፋ አይቍረጥ። መስመሩን በኖራ ማስመር የሚችል ያስምር፤ የማይችል በዐመድ።

ይህ የተባለው ሁሉ ለመንዝና ለግሼ ሰፊ ሜዳዎች ይስማማል። መርሐቤቴ ግን ሌላ ነው። የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ዙሪያውን የገመሱት አገር ስለ ሆነ፥ ከዓለም ከተማ ወጣ ሲሉ ጠፍጣፋ መሬት ማግኘት ጭንቅ ነው፤ የተገኘው ጠፍጣፋ መሬትም የሰው እንጀራ ነው። ለእንዲህ ያለ ቀበሌ የምንመክረው መረብ ኳስ ነው። ርዝመቱ 18 ሜትር፥ ወርዱ 9 ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታና ዙሪያው ጥቂት መንቀሳቀሻ ከተገኘ ዐሥራ ሁለት ሰው ይጫወታል፤ በገደል አፋፍ ከሆነ ግን በቍልቍለቱ በኩል የድንጋይ ካብ ይካብለት፤ ኳስ ለማምጣት ወንዝ መውረድ ጨዋታ አይደለምና። መረብ ኳስ ለልጃገረዶችም ይበጃል። በብዙ ቀበሌ ሜዳው የወንዶች ብቻ ሆኖ መቅረቱን ሳንሸሽግ መናገር አለብን፤ ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ እስክትመለስ ጀምበር ትጠልቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእነርሱ ተብሎ ቢለይ በደንብ ውስጥ መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ ለመረቡ ከፍታ ብቻ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፥ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 መሆኑን አስተውሉ።

ቦይ ተቈፍሮ፥ ሣር ተተክሎ፥ ወረቀት ከሌለ ግን ሁሉ ከንቱ ነው። ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሌባ ሲወስደው አይመለስም። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 252/2009 የወል መሬት በተጠቃሚው ማኅበረሰብ ስም ተመዝግቦ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጥበት ይፈቅዳል። እንግዲያው የቀበሌው ሽማግሌዎች ሜዳቸውን አስለክተው፥ በአራቱም ማዕዘን የወሰን ድንጋይ አስተክለው፥ በስማቸው ያስመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ትልም የሚገፋው ጎረቤት የሚገፋው ባዶ ቦታ ሳይሆን የተመዘገበ ይዞታ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከእንግሊዝ አገር የሚጠቀስ መልካም ምሳሌ አለ። ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሞቱ፥ ለመታሰቢያቸው ከሐውልት በተጨማሪ በመላው አገር መጫወቻ ሜዳዎች እንዲቋቋሙ ተወሰነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1965 እስኪፈጸም ድረስ 471 ሜዳዎች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ሜዳ ለስፖርት፥ ለጨዋታና ለመዝናኛ ብቻ እንዲሆን በሕጋዊ ሰነድ ተጠበቀ፤ በበሩም ላይ የአንበሳና የአንድ ቀንድ አውሬ ምስል ያለበት ምልክት ተተከለለት። ብዙዎቹ ሜዳዎች እስከ ዛሬ ያሉት ንጉሡ ስለሚታወሱ ሳይሆን ሰነዱ ስለሚጠብቃቸው ነው። ሞላሌ ላይ የሚተከለው ምልክት ከጣውላ የተሠራ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ የጠባቂው ስም፥ ሜዳው የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ከተጻፈበት ይበቃል።

አሁን ወደ ገበያው ሒሳብ እንመለስ። በገበያ ቀን ሜዳ ላይ የሚቆመው ገበያ ይነሣ አንልም፤ ገበያና ሜዳ በአንድ ላይ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ በእግሩ የመጣ ሻጭና በአህያ የተጫነ እህል ሜዳን አይገድልም። የሚገድለው መኪና ነው። ስለዚህ የየከተማው የነጋዴ ማኅበር የሚያደርገው አንድ ከባድ ነገር ቢኖር፥ የጭነት መኪና ከሜዳው ዳር ካለ ጠጠር የለበሰ ማራገፊያ እንዳያልፍ መስማማትና ለዚያ ማራገፊያ የሚሆን ድንጋይና ጠጠር ማዋጣት ነው። ሸክሙ ከማራገፊያው እስከ ድንኳኑ በወጣቶች ጫንቃ ይሂድ፤ ሜዳውን ለሚጠብቁት ለእነዚያው ወጣቶች የጥቂት ብር ሥራ ነው። የነጋዴው ድርሻ ከሞላ ጎደል ይህ ነው። ከዚህ በላይ ኳስና ማሊያ መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ ማሊያ ሰጥቶ መኪናውን ሜዳ ላይ የሚያቆም ግን ሒሳቡ አልገጠመም።

በዚህ ሥራ ጥቅም የለም የሚል ባለ ሱቅ ካለ ደግሞ የእሑድ ከሰዓትን ገበያ ያስላ። ሁለት ቀበሌ የሚጋጠሙበት ሜዳ ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ሻይ ይጠጣል፥ ዳቦ ይበላል፥ የእጅ ስልኩን ካርድ ይሞላል፥ ወደ ቤቱም ጨውና ሳሙና ይዞ ይገባል። ሜዳ በሌለበት ያ ወጣት ወይ ከሱቅ በራፍ ላይ ያለ ሥራ ተደግፎ ይውላል፥ ወይም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ለአስመጪዎችም የምንለው አለን። ዓለም በእጅ የሚሰፋቸውን ኳሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከፓኪስታን ከሲያልኮት ከተማ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ኳስ ሁሉ ለገጠር ልጅ ኪስ እንደ ራቀ እናውቃለን። ስለዚህ ርካሹን ኳስ በብዛት ከማምጣት ይልቅ፥ በእጅ የተሰፋውንና ሲቀደድ ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የሚችለውን ማምጣት ለገዢውም ለሻጩም ይበጃል፤ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ኳስ በመንዝ ውርጭና ፀሐይ መካከል ዕድሜ የለውም። ደንቡ የሚፈልገው ክብ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፥ ክብደቱም ከ410 እስከ 450 ግራም የሆነውን ነው፤ ይህ ቍጥር 5 የሚባለው ነው። ለትናንሽ ልጆች ቍጥር 4 ይያዝ።

ከኳስ ይልቅ መንፊያና መርፌ ይሸጣል ብንል ባለ ሱቁ ይስቅ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስት ኳስ ኖሮ መርፌ ስለ ተሰበረ ሦስቱም ሟሽሸው ተሰቅለው ይታያሉ። መርፌውን ከማስገባት በፊት በውኃ ወይም በጥቂት ዘይት ማራስ የኳሱን አፍ ከመቀደድ ያድነዋል፤ ይህን ለገዢ ልጅ መንገር የሻጩ ግዴታ ቢሆን መልካም ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ደንቡ የሚፈቅደው የኳስ ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው። በአዳማ ቆላ ተነፍቶ የተጫነ ኳስ መሐል ሜዳ ሲደርስ፥ የውጭው አየር በከፍታው ስለሚሳሳ፥ ማንም ሳይነካው የበለጠ ይጠጥራል፤ ደህና ተነፍቶ የነበረው ከልክ ያልፋል፤ ስፌቱም የሚለቀው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኳስ ሳይነፋ ይጫን፤ በሚሸጥበት ቦታ ይነፋ። ፊሽካና የመረብ ኳስ መረብ አብረው ይያዙ። ጫማን በተመለከተ የደጋው ልጅ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ይሮጣል፤ ኮንጎ ጫማ በእርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትታል፤ ነገር ግን ሌላ ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያገኝ ራሱ ይመጣል፤ እስከዚያ አንገፋፋው።

ስለ ጊዜው ሁኔታ ዝም ማለት አይገባንም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ነገር ፈርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ፥ ትምህርት ሲቋረጥ፥ ሰው መሰብሰብ ሲፈራ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ሜዳ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኛ ግን አይመስለንም። የቦይ ቍፋሮና የወሰን ድንጋይ ተከላ ብዙ ሰው መሰብሰብ አይጠይቅም፤ ዐሥር ሰው በሁለት ቀን ይፈጽመዋል። ሜዳው መጫወት የሚቻልበት ቀን ሲመጣ ተዘጋጅቶ ቢቆይ ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል።

ጠባቂውን ማን ይምረጠው ለሚለው፥ ከሁሉ የቀረበው እድር ነው። እድር መዋጮ የመሰብሰብ፥ ቀሪን የመቅጣት፥ ሒሳብ በደብተር የመያዝ ልምድ አለው፤ ቀበሌው ሲዋሐድ አይዋሐድም፤ ሊቀ መንበሩ ሲሻር አይሻርም። ከእድሩ አንድ የታመነ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተመርጠው የሜዳው አባ ቄራ ቢሆኑ፥ የገቢ ምንጫቸው ደግሞ ሜዳውን በመኪና የሚረግጥ ነጋዴ የሚከፍለው መቀጫ ቢሆን፥ ይህ ጋዜጣ በደስታ ያትመዋል፤ የተቀጡትን ስም ግን አናትምም።

የጊዜው አቈጣጠር እንዲህ ይሆናል። ቦዩ በበጋ ይቈፈር፤ የሣሩ ቅርፊት በበልግ ይተከል፤ ሜዳው በሰኔ ይዘጋ፤ በመስቀል ይከፈትና በጎቹ ይግቡበት፤ ጥቅምት ላይ ግቡ ይተከል። እንዲህ ከሆነ ታኅሣሥ 29 ቀን የላይ ቤትና የታች ቤት ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ የሚመጥን ሜዳ ያገኛሉ። የገናው ዱላ ግን ከውጭ አይመጣም፤ እዚያው ከጫካው ይቈረጣል፤ አስመጪዎቻችን በዚህ ብቻ ይቅርታ ያድርጉልን።